ቅዳሜን የሚሸጠው ኦንላይን፦ የአንድ የአዳማ ኮሌጅ የዲግሪ መርሐ ግብር ሲገመገም

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአዳማ ከተማ የሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ቀኑን ሥራ ላይ ለሚውሉ ሰዎች በኦንላይን የሚሰጠውን የአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር ነው። እኔም ከተማሪዎቹ አንዱ ስሆን፣ ክፍያውን የምሸፍነው በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ ከማገኘው ደመወዝ ነው። የኮሌጁን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች በሌሎች ኮሌጆች የሚማሩ ባልደረቦቼም ዘወትር የሚያነሷቸው በመሆናቸው፣ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ሌሎቹን ነጻ እንደማውጣት ይቆጠርብኛል። ዳኝነቴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ኮሌጁ በማስታወቂያው አናት ላይ «ካሉበት ሆነው ይማሩ» እያለ ጎላ አድርጎ የሚሸጠው የቀጥታ የቪዲዮ ትምህርት የአገልግሎቱ ደካማ ክፍል ሲሆን፣ በማስታወቂያው ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የቅዳሜ የገጽ ለገጽ ትምህርት ግን የክፍያውን ዋጋ ብቻውን ያወጣል።

አገልግሎቱ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ለግምገማው ይረዳል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ተጠቂ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ የተወሰነው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ኮሌጆች ያደረጉት የተቻላቸውን ነው፤ ሞጁሎችን በፒዲኤፍ አድርገው በቴሌግራም ለቀቁ፣ መምህራንም ድምፃቸውን በስልክ እየቀረጹ ላኩ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ እርሱም ቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክፍሎች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ጉዳዩ ከነጭራሹ የሚረሳ መስሎ ነበር። ያልተረሳው፣ የኮሌጅ ባለቤቶች ከወረርሽኙ አንድ ትምህርት ስለቀሰሙ ይመስለኛል፤ ይኸውም ክፍል ሳይሠሩና ወንበር ሳይገዙ ተማሪ መመዝገብ እንደሚቻል ነው።

ይህን ስል ግን የተማሪው ፍላጎት ሰው ሠራሽ ነው ማለቴ አይደለም። በእኛ ምድብ ውስጥ ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲና ከዴራ የተመዘገቡ ሰዎች አሉ። የባንክ ሠራተኞች፣ የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት፣ በፈረቃ የሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞችና ሕፃን ልጅ ያላቸው እናቶች ይገኙበታል። ለእነዚህ ሰዎች በየምሽቱ ተሳፍሮ አዳማ መጥቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የመመለሻ ታክሲ መጠበቅ አቅምም ጤናም የሚጠይቅ ነው። ቀድሞ የነበራቸው አማራጭ የወረቀት ሞጁል ተቀብሎ ለብቻ ማንበብ ሲሆን፣ ያ ዘዴ ምን ያህል ተአማኒነቱን አጥቶ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጥራት ምክንያት አግዶ፣ ቆይቶ በቅድመ ሁኔታ ነበር የፈቀደው።

በአሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ የቆሙት የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባሉት የሁለት ዓመት ተቋማት ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥት ማኅበረሰብ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 1,000 ይጠጋል፤ ክፍያቸው ዝቅተኛ፣ በራቸው ለሁሉ ክፍት፣ ተማሪዎቻቸውም በአብዛኛው እየሠሩ የሚማሩ ናቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ ወደ ኦንላይን ቢዞሩም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መኸር ምዝገባቸው 10 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት የታወቀው ነገር ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማኅበረሰብ ኮሌጆች የምርምር ማዕከል በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ግዛቶች ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ ኮርስ የወሰዱ ተማሪዎች ያንኑ ኮርስ በክፍል ከወሰዱት ይልቅ የማቋረጥና የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ልዩነቱም ቀድሞውኑ በትምህርታቸው ደከም ባሉት ላይ ይሰፋል። ኦንላይንና ክፍል ተደባልቀው የተሰጡ ኮርሶች ግን ከክፍሉ ትምህርት ያን ያህል ያልራቀ ውጤት አሳይተዋል። እንግዲህ ከእኛ የተሻለ ኢንተርኔትና መብራት ባለበት አገር ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ እዚህ አዳማ ላይ «ሙሉ በሙሉ ኦንላይን» የሚል ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው የሚሰጋበት ምክንያት አለው።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። የቀጥታ ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በዙም ይሰጣል። መምህሩ የሚጠቀመው ነጻውን የዙም አካውንት በመሆኑ ስብሰባው በ40 ደቂቃ ይዘጋል፤ ከዚያ አዲስ ሊንክ ይላካል፣ ተማሪው እንደገና ይገባል፣ ከገቡት ከፊሎቹ ግን በዚያው ይቀራሉ። በየሴሚስተሩ የሚያስከፍል ኮሌጅ ለመምህሩ የሚከፈልበት አካውንት አለመግዛቱ፣ ኦንላይን ማለት ለእርሱ ወጪ መቀነሻ ብቻ መሆኑን ያስረዳኛል። የቡድን ቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል፣ ፓኬጁን ቆጥቦ የሚጠቀም ተማሪ ካሜራውን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ካሜራውን የዘጋ ሰው ማይኩንም ይዘጋል፤ መምህሩም ስሞች ብቻ በተደረደሩበት ስክሪን ፊት «ገብቷችኋል?» ይላል፣ የሚመልስለት የለም፣ ገብቷቸዋል ብሎ ይቀጥላል። መምህሩን አልወቅሰውም። ቀን በሁለት ተቋም አስተምሮ፣ ማታ ቤቱ ሆኖ፣ ፊታቸውን ለማያያቸው ሰዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ የሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ አይደለም።

የተቀረጹት ቪዲዮዎች ከቀጥታው ይሻላሉ፤ ቢያንስ አቁሞ መልሶ ማየት ይቻላል፣ የምሽት ፈረቃ የገባ ሰውም በማግስቱ ይደርስባቸዋል። የሚቀመጡት ኮሌጁ «የራሳችን ፕላትፎርም» እያለ በሚጠራው ድረ ገጽ ላይ ነው። እርሱ ራሱ ሙድል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የተለቀቀና ማንም በነጻ ሊተክለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ነጻ መሆኑ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ብልህ ምርጫ ነው። ነውሩ ሙድል የስልክ መተግበሪያ ያለው መሆኑና በዚያ መተግበሪያ ትምህርቱን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርዶ በኋላ ያለኢንተርኔት ማየት የሚቻል ሆኖ ሳለ፣ ኮሌጁ በሰርቨሩ በኩል ይህን አገልግሎት አለማብራቱ ነው። የሚጠይቀው የአስተዳዳሪውን ጥቂት ደቂቃ ነው። ከወለንጪቲ ለሚማር ሰው ከማንኛውም የዙም ሰዓት ይልቅ ይህ ይጠቅመው ነበር።

ቪዲዮዎቹ ሌላም ችግር አለባቸው፤ ያረጃሉ። የደመወዝ ሒሳብ አሠራርን የሚያስተምረው ቪዲዮ የተቀረጸው ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ይህን ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎ የምጣኔ እርከኖቹንም ለውጧቸዋል። የፋብሪካችንን የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ በየወሩ የማዘጋጅ በመሆኔ ስህተቱ ወዲያው ታየኝ፤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣ ተማሪ ግን የሚያይበት መንገድ የለውም። ለመምህሩ በቴሌግራም ብጽፍለት በማግስቱ ማስተካከያውን ለሁሉም ለቀቀ፣ አመሰገነኝም። ቪዲዮው ግን እስካሁን አልተነሣም፤ ምክንያቱም ቪዲዮ የሚያነሣና የሚተካ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በኮሌጁ መዋቅር ውስጥ የለም። ሕንፃ ሲያረጅ ቀለም የሚቀባለት ኮሌጅ፣ ትምህርት ሲያረጅ ማን እንደሚያድስለት ቦታ አልተወለትም።

ትልቁ ጉድለት ግን ፒችትሪ ላይ ነው። ይህ የሒሳብ ሶፍትዌር ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም በእኛ አገር አሁንም የሚጠራው በቀድሞ ስሙ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ የሥራ ማስታወቂያም «ፒችትሪ የሚችል» ማለቱን አልተወም። የሚሠራው ግን ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ በስልክ አይሠራም። ከምድባችን ተማሪዎች የሚበዙት ደግሞ ያላቸው ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ የሆነው ነገር ይህ ነው፦ መምህሩ የላፕቶፑን ስክሪን ቀርጾ ይልካል፣ ተማሪው በስልኩ ይከፍተዋል፣ የሒሳብ መደቦቹ ዝርዝር በዚያች ስክሪን ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቅቆ ይታያል፣ እጁ አንድም ቁልፍ ሳይነካ «ፒችትሪ ተምሬያለሁ» ይላል። ከዚህ ኮርስ የኦንላይን ክፍል ማንም ሰው ደረሰኝ መመዝገብ እንኳ ተምሮ ይወጣል ብዬ አላምንም። ኮሌጁ በምዝገባ ወቅት «ላፕቶፕ አለዎት?» ብሎ አለመጠየቁ ከቸልተኝነት ያለፈ ነው፤ መልሱን ቢያውቅ የሚመዘገበው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ያውቃል።

የቴሌግራም ግሩፑን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ማስታወቂያ፣ ፒዲኤፍና የበዓል መልካም ምኞት የሚለዋወጡበት ነው። የሚሠራ ነገር ነው፣ በውስጡም የመምህራኑ አጫጭር የድምፅ መልእክቶች ከዙሙ ይልቅ ጠቃሚ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሚፈጁ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ማዳመጥ ይቻላል፤ መምህሩም ድምፁን ሲቀርጽ ስላይድ ከማንበብ ወጥቶ እንደሰው ይናገራል።

አሁን ወደ ቅዳሜ እመጣለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተማሪው ኮሌጁ ድረስ መጥቶ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ይማራል። ኮምፒዩተሮቹ የቆዩ ናቸው፣ ሁለት ሦስት ሰው በአንዱ ላይ ይጋራል፣ የአዳማም ሙቀት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ክፍሉን መክበድ ይጀምራል። ይሁንና ጄኔሬተር አለ፣ ፒችትሪ ተጭኗል፣ መምህሩም ከፊታችን ቆሞ ያስተምራል። በዙም ላይ የማይናገረው ሰው እዚህ ይናገራል። መምህሩም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስላይድ ትቶ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እያቀያየረ ያስረዳል፤ የኮርሱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ሰው የገባውንና ያልገባውን የሚናገረው በለመደው ቋንቋ መሆኑን ያውቃል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ እንደሚያዋጡ በቪዲዮውም በሞጁሉም ተጽፎልናል፤ በኦንላይን ጥያቄውም ሁሉም ሰው ሁለቱን ቁጥሮች በትክክል መልሷል። ቅዳሜ በኮምፒዩተር ላይ የደመወዝ ሠንጠረዥ ሥሩ ስንባል ግን የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት፣ «ታዲያ 18ቱን በመቶ በሙሉ ከልጆቹ ደመወዝ ላይ ስቆርጥ የኖርኩት ስህተት ነው?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ አልሳቀም፤ ጥያቄው የብዙ ሰው ነበርና። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ 11 በመቶው የድርጅቱ ወጪ ሆኖ በየትኛው መደብ እንደሚመዘገብ፣ 7 በመቶው ደግሞ ከሠራተኛው ተቀንሶ እስኪከፈል ድረስ እንዴት ዕዳ ሆኖ እንደሚቆይ አንድ በአንድ አሳያቸው። እኚህ ሴት በዚያ ቀን ያገኙት ነገር ለእርሳቸውም፣ ለቀጠሯቸው ልጆችም፣ የዓመቱን ክፍያ ያካክሳል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያወጣ የኦንላይን ፈተና እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሰውየው ቁጥሩን አውቆት አሠራሩን ላያውቀው ይችላልና።

ምዘናው ድብልቅልቅ ያለ ነው። የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና በአካል፣ በመታወቂያና በፈታኝ ፊት የሚሰጥ ሲሆን ይህን ኮሌጁ ሊመሰገንበት ይገባል። በየሳምንቱ የሚሰጡት የኦንላይን ጥያቄዎች ግን ምርጫ ብቻ ናቸው፤ ጥያቄው በተለቀቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልሱ መምህሩ በሌለበት ሌላ ግሩፕ ይዞራል፣ ይህን የማያውቅ መምህርም ያለ አይመስለኝም። በዚያ ላይ ጥያቄው የሚከፈተው ለአንድ ምሽት ብቻ በመሆኑ መብራት የጠፋበት ሰፈር ተማሪ ያመልጠዋል። ከተማችን የተከበበችው በነፋስ ተርባይን ነው፤ በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች የአዳማ አንድ ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያም ሆኖ ተርባይኖቹን በመስኮቱ እያየ በሻማ የሚያጠና ተማሪ አለ፤ ኃይሉ የሚገባው ወደ ብሔራዊው መስመር መሆኑን ባውቅም ነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጥያቄውን ጊዜ ከአንድ ምሽት ወደ ሦስት ቀን ማራዘም ይህን ችግር በአብዛኛው ይፈታዋል፤ ጠይቀናል፣ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ተብለናል፤ ሙድል ግን ይፈቅዳል።

ነገሩ ከውጤት ወረቀት ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ ፈተናው የሚሰጠውም በኮምፒዩተር ነው። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት አንድ አምስተኛ እንኳ አልሞሉም። ይህን ውጤት በኦንላይን ትምህርት ላይ ብቻ ማላከክ ተገቢ ባይሆንም፣ ከኮምፒዩተር ፊት የመቀመጥ ልምድ ሳይኖረውና መልስ ከግሩፕ እየገለበጠ ሦስት አራት ዓመት ያሳለፈ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ስለ አስተዳደሩ በአጭሩ ልናገር፦ ክፍያ በቴሌብር ይፈጸማል፣ ደረሰኙ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ሬጅስትራሩ ስልክ ያነሣል። ከዚህ ክፍል ቅሬታ የለኝም።

አገልግሎቱ ለማን ይሆናል ቢባል፣ ሥራ ያለው፣ ላፕቶፕ ያለው ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ማምሸት የሚፈቀድለት፣ ቅዳሜ ጠዋት አዳማ መድረስ የሚችል ሰው ይመዝገብ እላለሁ። ስልክ ብቻ ይዞ ከሩቅ የሚመዘገብ ሰው ግን ለተቀረጸ ቪዲዮ ገንዘብ ባይከፍል ይሻለዋል። ነጻ ትምህርት ዛሬ ሞልቷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ እንኳ የፕሮግራሚንግና የዳታ ትንተና መሠረታዊ ትምህርቶችን ያለክፍያ ከነምስክር ወረቀቱ ይሰጣል። ቪዲዮ ብቻ የሚሸጥ ኮሌጅ ከነጻው ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍበት መንገድ አይታየኝም፤ ነጻው የሌለው ጥያቄ የሚሰማ መምህርና ፒችትሪ የተጫነበት ኮምፒዩተር ነው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በግሩፑ የተለቀቀ ማስታወቂያ ነው። ኮሌጁ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የቅዳሜውን ትምህርት «ለሁሉም ተደራሽ ለማድረግ» ወደ ዙም ሊያዛውረው እንዳሰበ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉም ለመደበኛ ተማሪዎች እንደሚውል ይገልጻል። ክፍያው እንደሚቀንስ አይናገርም። ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ትራንስፖርት እንደሚከብዳቸው እውነት ነው፤ ለእነርሱ ግን ቅዳሜን ከማጥፋት ይልቅ በወር ሁለት ቅዳሜ አድርጎ ሙሉ ቀን ማስተማር፣ ወይም ወንጂና ሞጆ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ለቅዳሜ መከራየት ይቻላል። ሐሳቡን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆነን በደብዳቤ ለዲኑ አቅርበናል፤ በአካልም ተቀብለው አነጋግረውናል፣ «እናየዋለን» ብለዋል። የሚቀጥለው ምዝገባ እስኪዘጋ ድረስ ቅዳሜ መቀጠሉ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ እኔ የምመዘገበው ገጽ ለገጽ በሚያስተምር የማታ መርሐ ግብር ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም።